ከአማት የተዋሱት ፕሮሰሰር

ዳርኩዋ በጋና ኩማሲ ከተማ፣ አሳፎ ሰፈር፣ የሟቾችን ፊልም እየሠራ ይኖራል። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ፎቶውን፣ የሠርጉን ቪዲዮ፣ በመዘምራን መሐል የቆመበትን ምስል ሰብስቦ ያመጣለታል፤ እሱም ቆርጦና ቀጥሎ፣ ሟቹን ከነበረበት ትንሽ ከፍ አድርጎ ይመልስላቸዋል። ሥራ አይጠፋም። በዚያ ከተማ ቅዳሜ ማለት ለቅሶ ማለት ነው፤ ለቅሶ ደግሞ ድንኳን፣ ድምፅ ማጉያና ትልቅ ማያ ይፈልጋል። ብዙ ሰው በሕይወቱ ያላገኘውን ደግነት ከዳርኩዋ ኮምፒውተር ያገኛል።

በዚያ ሳምንት ግን የሞቱት የራሱ አማት ነበሩ፤ የሚስቱ የፍሬማ እናት፣ ማሜ ታቺዋ።

ማሜ ታቺዋ ከመሞታቸው በፊት፣ አልጋ ላይ ሳሉ፣ አማቻቸውን ጠርተው «ካሜራህን ይዘህ ና፤ ሳልሄድ የምናገረው አለኝ» ብለው ነበር። ዳርኩዋ ከጓደኛው ጥሩ ካሜራ ተውሶ መጣ። አሮጊቷ ተናገሩ። ከዘመድ አዝማዱ አንድም ሰው አልቀራቸውም፤ የበላውን በበላው ልክ፣ የዋሸውን በዋሸው ልክ አነሡት። ሲጨርሱ «ደጉን አስቀርተህ ክፉውን ቁረጥ» አሉት። «ካንተ ሌላ ሰው ጥሬውን ከሰማ ግን፣ ከመቃብሬ ተነሥቼ አንቅሃለሁ።» ዳርኩዋም ማለላቸው።

ፊልሙ ቅዳሜ መታየት ነበረበት። የፍሬማ አጎትና የቤቱ አለቃ ዎፋ ዳፓ ለቀብሩ ሥራ ሲያከፋፍሉ ለዳርኩዋ የደረሰው ይህ ነው። «የድሮቦው፣ አንተ ፊልሙን» አሉት፣ በትውልድ ከተማው ጠርተው። «አልችልም ካልክ ጥሬውን አምጣው፤ የእህቴ ልጅ ጓደኛ አለ፣ ድሮን ሁሉ ያስነሣል።» ዳርኩዋ ጥሬውን አሳልፎ እንደማይሰጥ ያውቃል፤ ምክንያቱን ግን መናገር አልቻለም። ዎፋ ዳፓ ራሳቸው ጥሬው ውስጥ ነበሩ።

ችግሩ ኮምፒውተሩ ነበር። የተዋሰው ካሜራ ምስሉን አጥርቶ ስለቀረጸው ፋይሉ ከበደ፤ አሮጌው ማሽን አልቻለውም። ማሜ ታቺዋ አንድ ሁለት ቃል ይናገሩና አፋቸውን እንደከፈቱ ይደርቃሉ። በሕይወት ዘመናቸው ማንም ደፍሮ ያላቋረጣቸውን ሴት ኮምፒውተሩ በየቃሉ አቋረጣቸው። ሌላ ቤት ሄዶ እንዳይሠራው ደግሞ የለቅሶ ወራት ነውና ያለሥራ የተቀመጠ ማሽን በከተማው አልነበረም፤ ቢገኝም ባለቤቱ ጆሮ አለው። ስለዚህ ሁሉም ነገር የሚሰካበትን ማዘርቦርድ ትቶ፣ የሚያስብለትን ፕሮሰሰር ብቻ በፈጣን ሊቀይር ወሰነ።

ዳርኩዋ ሳያጣራ ነገር አይነካም፤ ራሱ ተጣርቶ ያውቃልና። ከብዙ ዓመት በፊት ሽማግሌዎች ይዞ የፍሬማን ቤት በር ሲያንኳኳ፣ እንደ ወጉ ዎፋ ዳፓ ድሮቦ ድረስ ወርደው ዘሩን ጠይቀው ነበር፤ ሌባ አለበት ወይ፣ እብድ አለበት ወይ፣ ዕዳውን ሳይከፍል የሞተ አለበት ወይ። ተመልሰው መጥተው፣ ያዩትን ሳያብራሩ፣ «ምንም አላገኘሁም» ብቻ አሉ። ቤተሰቡ ይህን ሲሰማ ይበልጥ ተጠራጠረ። በመጨረሻ ልጅቷን የሰጠው የማሜ ታቺዋ ቃል ነው። ቤቱ ግን እስከ ዛሬ በስሙ አልጠራውም። ልጅ ወለደ፣ የድሮቦው ነው። የፈሰሰውን ጣሪያ አስጠገነ፣ የድሮቦው ነው።

እና አጣራ። ቦርዱን ከፍቶ የፕሮሰሰሩን መቀመጫ ዓይነት አየ። የአዲሱ እግሮች አቀማመጥ ከዚያ መቀመጫ ጋር አንድ መሆኑን አረጋገጠ። የሚፈልገውን ኃይል ቦርዱ መሸከሙን፣ ሙቀቱን አሮጌው ማራገቢያ መቻሉን መረመረ። ከዚያም በስልኩ የቦርዱ ሠሪዎች ድረ ገጽ ላይ ገብቶ፣ ይስማማሉ ከተባሉት መሐል የሚፈልገውን ስም አገኘ። ዎፋ ዳፓ ድሮቦ ሄደው ከዚህ በላይ አላጣሩም። ሐሙስ ጠዋት ወደ አዱም ገበያ ወርዶ፣ ያገለገሉ የኮምፒውተር ዕቃዎች ከምትሸጠው ከማሜ ኮናዱ ፕሮሰሰሩን ገዛ።

ሱቁ ተመልሶ አሮጌውን አወጣ። አሮጌው ፕሮሰሰር ከሥሩ እንደ ብሩሽ የተተከሉ ቀጫጭን ቢጫ እግሮች አሉት፤ አንዷ ከታጠፈች ዋጋ የለውም። ሊሸጠው ይችል ይሆናልና የሚለሰልስ ማስቀመጫ ፈለገ። በሱቁ ውስጥ ከሁሉ የሚለሰልሰው፣ እንደ አማች ወግ በሟቿ የሬሳ ሣጥን ውስጥ እንዲኖር የገዛው ቀለበት ያለበት ትንሽ ሣጥን ነበር፤ ቀይ ከፋይ፣ ውስጡ ስፖንጅ። ዳርኩዋ አሰበ። ቀለበት አይታጠፍም። ቀለበቱን ሸሚዙ ኪስ ከተተ፣ ፕሮሰሰሩን ሣጥኗ ውስጥ አስተኝቶ መሳቢያ ውስጥ አኖራት።

አዲሱን አስገባ። ልክክ ብሎ ገባ። የሙቀት ቅባቱን ቀባ፣ ማራገቢያውን አሠረ፣ ማብሪያውን ተጫነ። ማራገቢያው ዞረ፤ መብራቱ በራ፤ ማያው ጥቁር ሆኖ ቀረ። ነቅሎ ተከለ። ጥቁር። ማስታወሻ ካርዶቹን አውጥቶ መለሰ። ጥቁር። ከዚያ ፕሮሰሰሩን ነቅሎ፣ ሱቁን ለጎረቤቱ ፀጉር ሠሪ አደራ ብሎ፣ ወደ አዱም ተመለሰ።

«የሞተ ነው የሸጥሽልኝ ማሜ ኮናዱ» አላት።

«አንተ ከሞተ ጋር ስለምትውል ሁሉ ሞቶ ይታይሃል» አለችው። ዕቃውን ተቀብላ በራሷ ማሽን ላይ ገጠመችው። ወዲያው ተነሣ። «ይኸው። ዕቃዬ እንደ ሙሽራ ነው። የራስህን ቤት ጠይቅ።»

ዳርኩዋ የቦርዱን ገጽ በእሷ ትልቅ ማያ ላይ ከፈተው። ስሙ አለ፣ አልተሳሳተም። ከስሙ በስተቀኝ ግን ስልኩ ቆርጦ ያላሳየው አንድ ዓምድ ነበር፤ ቦርዱ ይህን ፕሮሰሰር የሚያውቀው የመነሻ ፕሮግራሙ ከታደሰ በኋላ ብቻ እንደሆነ ይላል። የእሱ ቦርድ የተሠራው ይህ ፕሮሰሰር ሳይወለድ ነው። ይገጥማል፣ ይመቻል፣ ይችላል፤ ማን እንደሆነ ግን ቦርዱ አልሰማም። ለማሳደስ ደግሞ ኮምፒውተሩ መነሣት አለበት፤ ለመነሣት የሚያውቀው አሮጌው መግባት አለበት።

«አሮጌው አለህ?» አለች ማሜ ኮናዱ።

«መሳቢያ ውስጥ ነው።»

«እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቀው። እኔ ጋ የዚያ ዓይነት የለም፤ ወርቅ አቅላጮቹ በጆንያ አፍሰው ወሰዷቸው።»

ዳርኩዋ ደስ ብሎት ተመለሰ። አሮጌውን አስገብቶ ቦርዱን ያስተምራል፣ ከዚያ አዲሱን ይተካል፣ አለቀ። መሳቢያውን ሳበ። መሳቢያው ባዶ ነበር።

ለሚስቱ ስልክ ደወለ።

«ፍሬ፣ መሳቢያ ውስጥ ቀይ ሣጥን ነበረች...»

«ወሰድኳት እኮ። ስጦታው ዛሬ ይቅረብ ብለው አክስቶቼ መጡብኝ። አንተን ብጠብቅ ለትንሣኤ ነው የምትደርሰው።»

«ከፍተሻታል?»

«የእናቴን ቀለበት እኔ ምን ብዬ እከፍታለሁ? ዎፋ ናቸው የከፈቱት፣ በሰው ፊት።»

«ምን አሉ?»

«መጀመሪያ አገላብጠው አዩት። ከዚያ ከፍ አድርገው ይዘው፣ ‹ከአማቿ ወርቅ! በዘመኑ አሠራር የተሠራ ወርቅ!› አሉ። ግቢው ሁሉ አጨበጨበ። አክስቴ ተነሥታ ጨፈረች። እኔማ ቀለበት መስሎኝ... ዳርኩዋ፣ ምን ሸጠህ ነው?»

«ፍሬ፣ ቀለበቱ ኪሴ ውስጥ ነው።»

ፍሬማ ከሰዎቹ ራቅ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ታዲያ ለእናቴ ምንድን ነው የሰጠናት?»

ዎፋ ዳፓ የማያውቁትን ነገር ጠይቀው አያውቁም። ሰው ፊት ሣጥን ከፍተው ቢጫ ነገር ካዩ ወርቅ ነው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዳርኩዋ ባንታማ ሰፈር፣ የቤተሰቡ ግቢ ሲደርስ፣ ሽማግሌው ጥቁር ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ከማንጎው ሥር ተቀምጠው ነበር። ከኋላቸው ባለው ክፍል የሟቿ ስጦታዎች ተደርድረዋል፤ ምንጣፍ፣ ትራስ፣ ጨርቅ፣ ሳሙና፣ በመሐል ቀይዋ ሣጥን።

«የድሮቦው፣ ና ተቀመጥ» አሉት። እንዲህ ፈገግ ብለውለት አያውቁም። «ዛሬ እንኳ አኮራኸን።»

«ዎፋ፣ የመጣሁት በዚያው ጉዳይ ነው። ሣጥኗ ውስጥ ያለው ወርቅ አይደለም።»

ዎፋ ዳፓ ግቢውን በዓይናቸው ዞሩት። የሰማ ሰው አልነበረም።

«ቢጫ ነው» አሉ።

«እግሮቹ በትንሹ ተቀብተዋል።»

«በወርቅ?»

«በወርቅ።»

«እንግዲያው ወርቅ ነው። እኔ ምን ያህል አላልኩም።»

«ዎፋ፣ የኮምፒውተር አንጎል ነው።»

ሽማግሌው ይህን ጊዜ ወስደው አሰቡበት።

«እህቴ አንጎል ጎድሏት ያውቃል?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ያንተንም ጨምራ ስታስብልህ የኖረች ሴት ናት። አሁን ምን ልትል ነው የመጣኸው?»

ዳርኩዋ ቀለበቱን ከኪሱ አውጥቶ ጉልበታቸው ላይ አኖረና ሁሉንም ነገራቸው። አዲሱ ልኩ ነው፣ አላቸው። ገብቷል፤ ጉድለት የለበትም፤ ግን ቦርዱ አላውቀውም ብሎ አይነሣም። ቀድሞ የሚያውቀው ገብቶ ስለ አዲሱ ሊነግረው ይገባል።

«መግባቱ ብቻ አይበቃም?» አሉ ዎፋ ዳፓ።

«አይበቃም። ውስጥ ተቀምጦም አያውቁትም።»

ዎፋ ዳፓ ወደ ማንጎው ቅርንጫፎች ቀና አሉ። «ለሟች የተሰጠ አይመለስም» አሉ። «ሰጥቶ መንሣት ለሕያውም ነውር ነው።»

«ልዋሰው እንጂ ልወስደው አይደለም። የሬሳ ሣጥኑ ሳይዘጋ እመልሳለሁ።»

«ታዲያ እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ? የዕቃውን ባለቤት ጠይቅ።»

ከክፍላቸው ሽናፕስ የሚሉትን የአረቄ ጠርሙስ አመጡ። ጫማቸውን አውልቀው፣ ጨርቃቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ጠብ እያደረጉ ለሟቿ መሬት ላይ አፈሰሱ።

«ታቺዋ፣ እንኪ ቅመሺ። አማችሽ መጥቷል። የሰጠሽን ሊዋስሽ ይፈልጋል። ነውር እንደሆነ ነግሬዋለሁ። ያለሱ አንቺን በፊልም ማናገር አልቻለም። የማትፈቅጂ ከሆነ ተናገሪ፤ ቆመን እንሰማለን።»

ቆመው ሰሙ። ከጓሮ ዶሮ ጮኸች፤ ዎፋ ዳፓ ዶሮዋን አልቆጠሯትም።

«ፈቅዳለች» አሉ።

«በምን አወቁ?»

«ዝም አለች። ታቺዋ ያልተስማማችበትን ነገር ሰምታ ዝም ብላ ታውቃለች?» ክዳኑን መልሰው አጠበቁ። «ብቻውን ግን አይሄድም። የሟች ንብረት ነው፤ ከቤተሰብ ሰው ይከተለዋል።»

የተከተሉት እሳቸው ናቸው። በታክሲ እስከ አሳፎ ሣጥኗን ጉልበታቸው ላይ ይዘው መጡ፤ ሱቁ ውስጥ የደንበኞች ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ዳርኩዋ ፕሮሰሰሩን ሲያነሣ ባዶ ሣጥኗን ከፍተው ጠበቁ። አሮጌው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ማያው በራ። ዳርኩዋ አዲሱን የመነሻ ፕሮግራም በፍላሽ አስገባ። በዚህ ሰዓት መብራት ከጠፋ ቦርዱ ለዘላለም ደንዝዞ ይቀራል፤ ኩማሲ ውስጥ ደግሞ መብራት የሚጠፋው መጥፋት በሌለበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ከጎረቤቱ ፀጉር ቤት ጄኔሬተር ገመድ ሳበ። ግማሽ ራሳቸው ተሠርቶ ካስኩ ቀጥ ያለባቸው ሴቶች በግድግዳው በኩል የሚገባውን ተናገሩ።

«አሁን ምን እያደረገ ነው?» አሉ ዎፋ ዳፓ።

«እየነገረው ነው።»

«ስለ ማን?»

«ስለ አዲሱ። ስሙን፣ ጠባዩን፣ ምን ያህል እንደሚችል።»

«ቦርዱ እየሰማ ነው?»

«ይሰማል። ችግሩ የሚነግረው ማጣቱ ነበር።»

ዎፋ ዳፓ ባዶዋን ሣጥን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ።

ሲያልቅ ዳርኩዋ ማሽኑን አጥፍቶ አሮጌውን አወጣ፤ ቅባቱን ጠርጎ በሁለት ጣቱ ወደ ሣጥኗ መለሰው። አዲሱን አስገባ። ማብሪያውን ተጫነ። ማያው ትንሽ አመነታና ጥቁሩ ላይ ነጭ ጽሑፍ ጻፈ። ዎፋ ዳፓ መነጽራቸውን አውጥተው ተጠጉ።

«ምንድን ነው የጻፈው?»

«የፕሮሰሰሩን ስም።»

«በስሙ ጠራው» አሉና መነጽራቸውን አጥፈው ያዙ። ግን አልተነሡም። «በል እህቴን አሳየኝ።»

«ዎፋ፣ ያልተቆረጠ ነው። ማንም እንዳይሰማው አስምለውኛል።»

«ፈቃዷን ስንጠይቅ አብረን አልነበርንም? ክፈት።»

ዳርኩዋ ከፈተ። ማሜ ታቺዋ ሳይደርቁ፣ ሳይቋረጡ፣ እንደ ድሮው በዘመድ አዝማዱ ላይ ወረዱበት። የቤተ ክርስቲያኑን ገንዘብ ያዥ አነሡ። ጨፋሪዋን እህታቸውን አነሡ፤ ዎፋ ዳፓ «እውነት ነው» አሉ። ከዚያ፦

«ዳፓ ደግሞ ልጁን ሊያጣራ ድሮቦ ሄደ። ጅግራ አርደው አብልተው ሰደዱት። ተመልሶ ‹ክፉ አላየሁም፤ ግን ቤቱ አያውቀውም› አለኝ። ‹ሄደህ ያየኸው አንተ ነህ፤ ቤቱ ካላወቀው ለቤቱ ንገረው› አልኩት። እሺ አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እሺ ይላል። እኔ ከተኛሁ ወዲህ ማን ደግፎ እንደሚያስቀምጠኝ ቤቱ ያያል፤ ስሙን ግን አያውቅም። እኔ እሞታለሁ፤ ከእኔ ሌላ የሚነግርለት ደግሞ ዳፓ ብቻ ነው፤ ዳፓ ገና ጅግራውን እየዋጠ ነው... እሺ፣ አሁን ውሃ ስጠኝ።»

ከማያው ጠርዝ አንድ እጅ ኩባያ ይዞ ገባ።

ዳርኩዋ አቆመው። «ይህ ይቆረጣል ዎፋ። ስለ እርስዎ ያለው በሙሉ። እጄም ይወጣል፤ በስሕተት ነው የገባው።»

ዎፋ ዳፓ የሣጥኗን ክዳን ዘጉ። ከግድግዳው ወዲያ ጄኔሬተሩ የተመለሰላቸው ሴቶች ይሳሳቃሉ።

«የገንዘብ ያዡን ቁረጥ» አሉ። «የጨፋሪዋን እህቴንም ቁረጥ፤ ቀብሩ ላይ ትደባደባለች። የእኔን ተወው።»

«ሰው ሁሉ ይሰማል እኮ።»

«ስለሚሰማ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት፣ የሬሳው ሣጥን ከመዘጋቱ በፊት፣ ዎፋ ዳፓ ቀለበቱን በሟቿ ጣት አጠለቁ፤ ቀይዋን ሣጥን ከትራሳቸው ሥር አኖሩ። አንዲት ሴት ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ጠየቀች። «ወርቅ ነው አላልኩም?» አሏት።

ከቀብር መልስ ግቢው በጥቁርና በቀይ ሞላ። ዳርኩዋ እንደ ሁልጊዜው ከኮምፒውተሩ ጋር ከድንኳኑ ዳር፣ ከተከራዩት ወንበሮች በስተጀርባ ተቀምጧል። ፍሬማ ከቤተሰቡ መሥመር ተነሥታ አጠገቡ መጣች። ፊልሙ ጀመረ፤ ሰው ሳቀ፤ ሰው አለቀሰ። ማሜ ታቺዋ ድሮቦ ላይ ደረሱ። «...ዳፓ ገና ጅግራውን እየዋጠ ነው» ሲሉ ግቢው ፀጥ አለ፤ ሰው ሁሉ ወደ ፊተኛው ወንበር አየ።

ዎፋ ዳፓ በትራቸውን ይዘው ተነሡ፤ እጃቸውን አነሡ። ዳርኩዋ ፊልሙን አቆመው። አማቱ በትልቁ ማያ ላይ አፋቸውን እንደከፈቱ ጠበቁ።

«ድሮቦ የሄድኩት እኔ ነኝ» አሉ ዎፋ ዳፓ። «በዘሩ ሌባ የለም። እብድ የለም። ሳይከፍል የሞተ የለም። ጅግራው ጥሩ ነበር። ይህን ያኔ ለዚህ ቤት በግልጽ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ያ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ስሙ ዳርኩዋ ነው። ዳርኩዋ ይባላል። የዚህ ቤት ነው።» ሰው ሁሉ መስማቱን እስኪያረጋግጡ ዞረው አዩ፤ ከዚያ ተቀመጡ። «በል ቀጥላት፣ ዳርኩዋ።»

ዳርኩዋ ተጫነ።

«እሺ» አሉ ማሜ ታቺዋ፣ «አሁን ውሃ ስጠኝ።»

እጁ ከማያው ጠርዝ ገባ፤ ኩባያውን ደግፎ ያዘላቸው፤ ቀስ ብለው ጠጡ። ግቢው ሙሉ ሰው እጁን አየ። ዳርኩዋ ሳምንቱን ሁሉ አላለቀሰም ነበር፤ አሁን እንደ ሕፃን አለቀሰ። ፍሬማ አንድ እጇን ጀርባው ላይ አድርጋ፣ በሌላው እንባው እንዳይነካው ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።